ላስቲኩም መድኃኒት ነው፦ ሶሪያሲስን በስቴሮይድ ቅባትና በማሸግ ስለማከም

ማታ ነበር። ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም ያለበት ክርኔ ላይ የስቴሮይድ ቅባቱን ስስ አድርጌ ቀባሁ። በላዩ ምግብ የሚሸፈንበትን ስስ ላስቲክ ሁለት ዙር ጠቀለልኩና ዳር ዳሩን በፕላስተር ያዝ አደረግኩት። ተኛሁ። ጠዋት ስፈታው ከሥሩ ላብ ቋጥሯል። ቆዳው ረጥቦ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ጣት መስሏል። ለወራት ተደራርቦ የከረመው ነጭ ቅርፊት ነካ ሳደርገው እየተላቀቀ ወጣ። ያው ቅባት ነው። ያለ ላስቲክ ሦስት ሳምንት ቀብቼው ንቅንቅ አላለም ነበር።

ደስ አለኝ። ስህተቴም የጀመረው እዚያው ላይ ነው። አንድ ሌሊት እንዲህ ከሠራ አሥር ሌሊት ምን ሊሠራ ነው አልኩ። ሐኪሙ ለክርን ብቻ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ጠቅልል ያለውን ትቼ ወር አስቆጠርኩት። ብሽሽቴ ላይ የነበረችውንም ትንሽ ቦታ በዚያው ቅባት አዳርስ ጀመር። ክርኔ ላይ በየጸጉሩ ቀዳዳ መግል የቋጠሩ ጥቃቅን ብጉሮች ወጡ። እነሱ ቆይተው ጠፉ። ብሽሽቴ ላይ የወጣው ሸንተረር ግን ዛሬም አለ። እሱ አይጠፋም።

ብዙዎቻችን ላስቲኩን እንደ ፋሻ ነው የምናየው። ቅባቱ ልብስ እንዳይነካ የሚሸፍን ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን። ቅባቱን በሐኪም ማዘዣ ገዝተን ላስቲኩን ከኩሽና እናመጣለን። ለላስቲክ ማዘዣ የሚጠይቅ የለም፤ መመሪያ ወረቀትም አብሮት አይመጣም። ነገር ግን የቅባቱን ጉልበት እሱን ያህል የሚቀይረው ነገር ጥቂት ነው። መካከለኛውን ጠንካራ ያደርገዋል፤ ጠንካራውን አደገኛ።

አሁን አሁን ስለ ስቴሮይድ ቅባት የሚወራው በሁለት ጎራ ነው። አንዱ ጎራ «ቀብተህ ጠቅልለህ እደር፣ ጠዋት ሌላ ሰው ትሆናለህ» ይላል። ሌላው «ስቴሮይድ መርዝ ነው፣ እንዳትነኩት» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ የሚሉት ፎቶ አላቸው። ፎቶዎቹም ውሸት ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ጎራዎች የዘለሉት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ስንት መድኃኒት፣ የትኛው ቆዳ ውስጥ፣ ለስንት ቀን ገባ?

መጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለ ጠላት ሲዋጋ የሚፈጠር ነው። ጤነኛ ቆዳ ከሥር ተወልዶ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ያለበት ቆዳ ይህንኑ መንገድ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። አዲሱ ሴል ሳይበስል ይወጣል፤ አሮጌው ሳይረግፍ ይደራረባል። ቅርፊቱ ይሄ ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ሥሩ ቀይ ይመስላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ጠቆረ ቡኒ ያደላል። ብዙ መጻሕፍት የሚያሳዩት ቀዩን ስለሆነ ጥቁር ሰው ላይ ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2014 ባጸደቁት ውሳኔ ሶሪያሲስ የማይተላለፍ፣ የሚያም፣ ሰው የሚያሸማቅቅና ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት ያልተገኘለት የዕድሜ ልክ ሕመም መሆኑን ተቀብለዋል። የዕድሜ ልክ መሆኑን ያዙልኝ። ለአንድ ሳምንት የማይጎዳ ነገር ለ20 ዓመት ሲሆን ሌላ ነገር ነው።

ስቴሮይድ ሴሉ ውስጥ ገብቶ እብጠቱን የሚያራግቡትን ኬሚካሎች ትእዛዝ ዝም ያሰኛል። የሴሎቹንም ሩጫ ያቀዘቅዛል። ደም ሥሮችን ያጠባል። ለሶሪያሲስ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። ከላይ ያለው የቆዳ ሽፋን ሥራው ነገር እንዳይገባ መከልከል ነው። ክንድ ላይ ከተቀባ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለ ስቴሮይድ ወደ ሰውነት የሚዘልቀው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ልብስ ላይ፣ አንሶላ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ታሪኩን ማየት ደስ ይላል። ኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ ለሪህ ታማሚዎች ተሰጥቶ ዓለምን ያስደነቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ማሪዮን ሱልዝበርገርና ቪክቶር ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞንን በቅባት መልክ ቆዳ ላይ ሞከሩት። ለኤግዚማ ሠራ። ሶሪያሲስ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ቅርፊቱ ወፍራም፣ መድኃኒቱ ደካማ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ሄደ። ኬሚስቶቹ ሞለኪዩሉ ላይ ፍሎሪን የመሳሰሉ ነገሮችን እየጨመሩ ጠንካራ ጠንካራ ስቴሮይዶች ሠሩ። ሐኪሞቹ ደግሞ ስስ ላስቲክ አነሡ። እነዚያው ሱልዝበርገርና ዊተን እ.ኤ.አ. በ1961 ቅባት ላይ ላስቲክ ስለማልበስ ጻፉ። አልበገር ያለው ሶሪያሲስ መበገር ጀመረ።

በቀጣዩ ዓመት ማኬንዚና ስቶውተን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። የጤነኛ ሰዎች ክንድ ላይ ስቴሮይድ ጠብ አድርገው አሸጉትና ማግስቱን አዩት። ስቴሮይድ ደም ሥር ስለሚያጠብ መድኃኒቱ የገባበት ቦታ ይነጣል። የበለጠ ከነጣ የበለጠ ገብቷል፣ የበለጠም ጉልበት አለው ማለት ነው። ዛሬ ቅባቶች «ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ እጅግ ጠንካራ» ተብለው የሚመደቡበት መለኪያ ከዚህ ሙከራ የተወለደ ነው። ላስቲኩ እንግዲህ ከመነሻው የታሪኩ አካል ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ግን የኔን ስህተት ከሁሉም በላይ ያስረዳኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 ቪከርስ የተባለ ሐኪም ስቴሮይድ ቀብቶ አሸገ፤ ቆዳው ነጣ። ላስቲኩን አነሣ፤ ንጣቱ ጠፋ። ከቀናት በኋላ ያንኑ ቦታ ምንም ሳይቀባ እንደገና አሸገው። ንጣቱ ተመልሶ መጣ። መድኃኒቱ አልሄደም ነበር። የቆዳው የላይኛው ሽፋን እንደ ጎተራ አጠራቅሞ ይዞት፣ ላስቲክ ሲያገኝ ለቀቀው። አንድ ሌሊት ታሽጎ ማደር ማለት የአንድ ሌሊት መድኃኒት ብቻ አይደለም። እኔ በየምሽቱ ስጠቀልል የቀደመውም ሌሊት አብሮ እየሠራ ነበር።

ላስቲኩ ከሥሩ ምን ያደርጋል? ላብና እርጥበት እንዳይወጣ ያፍናል። በወትሮው ከ10 እስከ 20 በመቶ ውሃ የሚይዘው የላይኛው ሽፋን እስከ 50 በመቶ ሊይዝ ይችላል። ያብጣል፣ ይላላል፣ ቀዳዳው ይከፈታል። የቆዳው ሙቀት ከ32 ዲግሪ ወደ 37 ይጠጋል። ቅባቱም በልብስ አይጠረግም፤ ጥፍርም ደርሶ አይቧጭረውም። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚገባውን መድኃኒት ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 10 እጥፍ ነው። እንደ መድኃኒቱና እንደ ቦታው ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ የተለካበትም አለ። በሌላ አነጋገር፣ ሐኪሙ በቀን አንዴ ያለውን ቅባት አሽጋችሁ ካደራችሁ በቀን አንዴ አልቀባችሁም።

አንድ የሚገርም ነገር ላክል። ማሸግ ብቻውንም ትንሽ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያለ ምንም መድኃኒት ፕላስተር ለቀናት ተለጥፎባቸው የቀለሉ የሶሪያሲስ ቦታዎች እንዳሉ በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። እርጥበቱ ራሱ የሴሎቹን ሩጫ ያረጋጋል። የቆዳ ሐኪሞች ቫዝሊን ቫዝሊን የሚሉት ለዚህም ነው። ቫዝሊን የድሀ ላስቲክ ነው። ስለዚህም አንድ ዓይነት ስቴሮይድ በቅባት መልክ ሲሆን በክሬም መልክ ካለው ይጠነክራል። ቅባቱ ስብ ስለሆነ በራሱ ያሽጋል። ክሬሙ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይመጠጣል፣ ልብስ አያበላሽም፣ ግን ጉልበቱ ቀነስ ይላል። ሰው «ያው ነው» ብሎ አንዱን በሌላው ይተካል። ያው አይደለም።

ከዚህ የባሰው ግራ መጋባት ቲዩቡ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ይላል። ክሎቤታዞል 0.05 በመቶ ይላል። ቁጥር ያየ ሰው ሁለተኛው 20 ጊዜ ይቀላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ከደካሞቹ ተርታ ነው፤ ክሎቤታዞል ከሁሉም ጫፍ ላይ ያለ፣ በጉልበት ብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ነው። መቶኛው የሚነግራችሁ ቲዩቡ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ነው፤ ምን ያህል እንደሚመታ አይነግራችሁም። ስሙም ያሳስታል። ቤታሜታዞን ቫለሬትና ቤታሜታዞን ዳይፕሮፒዮኔት አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ። ጅራታቸው የተለያየ በመሆኑ ብቻ ጉልበታቸው የተለያየ ነው። በኔ እምነት የጉልበቱ ደረጃ ቲዩቡ ፊት ላይ በጉልህ መጻፍ ነበረበት። እስከዚያው ፋርማሲስቱን «ይሄ ከአራቱ ደረጃ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያሳፍርም።

አሁን ወደ ቆዳው እንሂድ። ሁሉም ቆዳ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃይድሮኮርቲዞንን በተለያየ የሰውነት ክፍል ቀብተው ምን ያህል እንደሚገባ ለኩ። ክንድን 1 ብንል ውስጥ እግር 0.14 ነው። መዳፍ 0.83። የራስ ቆዳ 3.5። ግንባር 6። መንጋጭላ አካባቢ 13። የወንድ ዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ 42። ከእግር ሥር እስከዚያ ድረስ የ300 እጥፍ ልዩነት አለ። ያውም በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቅባት፣ ያለ ላስቲክ።

ብሽሽት፣ ብብት፣ ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። ቆዳ በቆዳ ላይ ተደርቦ፣ ሞቆና ረጥቦ ይውላል። በተፈጥሮ የታሸጉ ናቸው። እኔ ክርኔን በላስቲክ አሽጌ ብሽሽቴን ክፍት ተውኩት ብዬ ነበር። ክፍት አልነበረም። ዳይፐር የታሰረለት ሕፃንም እንዲሁ ነው። ዳይፐር ላስቲክ ነው። የሕፃን ቆዳ ስስ፣ ገላው ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እዚያ ቦታ ጠንካራ ስቴሮይድ አይገባም።

ፊት ላይ፣ በተለይ ዓይን ዙሪያ፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት ሊጨምርና የዓይን ሞራም ሊያስከትል ይችላል። አፍ ዙሪያ የብጉር ዓይነት ሽፍታ ያወጣል። ለፊትና ለእጥፋቶች ሐኪሞች ወይ ደካማ ስቴሮይድ ለአጭር ቀን፣ ወይ እንደ ታክሮሊመስ ያለ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ይመርጣሉ።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ቲዩቡን ሊጥል ይችላል። አይጣል። ፈርቶ መቀነስም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ሰው ለሦስት ቀን ነካ ነካ አድርጎ፣ ትንሽ ሲሻለው ትቶ፣ ሲመለስበት «መድኃኒቱ አልያዘኝም» ይላል። ወይ «ቆዳዬ ለመደው» ይላል። መልመድ የሚባለው ነገር አለ የለም ሐኪሞቹም ይከራከሩበታል። እኔ ግን የራሴን ሳየው፣ ቆዳዬ ከለመደው ጊዜ ይልቅ እኔ መቀባት የሰለቸኝ ጊዜ ይበልጣል።

ስንት ይቀባ ለሚለው ጥሩ መለኪያ ጣታችን ላይ አለ። ከቲዩቡ የሚወጣውን ክሬም ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ መስመር ድረስ አስምሩ። ለአዋቂ ሰው ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ይህ የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል፤ መዳፍ ስል ጣቶቹን ጨምሮ ነው። እንግዲህ የሁለቱ ክርኖች ሽፍታ ተደምሮ ሁለት መዳፍ ከሆነ በአንድ ጊዜ ግማሽ ግራም ይበቃል። በቀን ሁለቴ ከሆነ አንድ ግራም። 30 ግራም ቲዩብ ወር መቆየት አለበት። በሳምንት ካለቀ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ወይ በጣም አብዝታችኋል፣ ወይ ሽፍታው ሰፍቷል፣ ወይ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እየተቀባው ነው። በሦስተኛው አትሳቁ። ቆዳ ለማቅላት ተብሎ ስንት ክሎቤታዞል ያልቃል!

ለክሎቤታዞል የተለመደው ገደብ በሳምንት 50 ግራም፣ በተከታታይ ከ2 ሳምንት ያልበለጠ ነው። ግን ገደቡ ላይ እስኪደርሱ መዘናጋት አይገባም። የመድኃኒቱ መመሪያ እንደሚለው በቀን 2 ግራም እንኳ ኮርቲዞልን፣ ማለትም የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ፣ የሚያመነጨውን ሥርዓት ሊያዳክም ይችላል። 2 ግራም አራት የጣት ጫፍ ነው። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ከውጭ ስቴሮይድ በብዛት ሲገባላት «ሥራዬን ሌላ ሰው ያዘው» ብላ ትተኛለች። ብዙውን ጊዜ ቅባቱ ሲቆም ትነቃለች። ረጅም ጊዜ፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ታሽጎ ከተቀባ ግን መንቃቱ ይከብዳታል። በዚህ ምክንያት እጅግ ጠንካራ የሚባሉት ቅባቶች መመሪያ ላይ «አታሽጉ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ሐኪም አንዳንዴ ለትንሽ ቦታ፣ ለጥቂት ቀን፣ እየተከታተለ ሊፈቅድ ይችላል። ራሳችን ለራሳችን መፍቀድ ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ላስቲኩ ለማን ነው? ለትንሽ፣ ለወፍራምና ለእልኸኛ ቦታ። ክርን፣ ጉልበት፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር። ቁጥሮቹን መለስ ብላችሁ እዩ። ውስጥ እግር ከክንድ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነው የሚያስገባው። እዚያ ላስቲክ ያስፈልጋል ቢባል ያሳምናል። ቅባቱ ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ነው የሚሆነው። ሰዓቱ ጥቂት ወይም አንድ ሌሊት፣ ቀኑ በጣት የሚቆጠር። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ማራስ ይቀድማል፤ የላላውን ቅርፊት ቀስ ብሎ ማንሣት እንጂ መፋቅ የለም። ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ ከሆነ ሐኪሙ ቅርፊት የሚያላላ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ነገር ያዛል። ከዚያ ቅባት፣ በላዩ ላስቲክ። ለእጅ ጓንት፣ ለእግር ላስቲክ ላይ ካልሲ። ዳሩን ማጥበቅ አያስፈልግም፤ ደም ልናግድ አይደለም። ጠዋት ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ቀኑን ሙሉ አየር ያገኛል።

ፕላስተሩን በቀጥታ ሽፍታው ጫፍ ላይ አትለጥፉ። ሶሪያሲስ የተጎዳ ቆዳ ይወዳል። የተቧጨረ፣ የተቃጠለ፣ በፕላስተር የተላጠ ጤነኛ ቆዳ ላይ አዲስ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። ይህ ኮብነር በተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስም ይጠራል። እኔ በአራት ማዕዘን ፕላስተር አዲስ አራት ማዕዘን ሽፍታ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ስቴሮይዱ ውስጡ አብሮ የተሠራበት ፕላስተርም አለ፤ በልክ እየተቆረጠ ሽፍታው ላይ ብቻ ይለጠፋል። መጠኑ የታወቀ፣ ወሰኑ የታወቀ ስለሆነ ከኩሽና ላስቲክ ይሻላል።

ላስቲክ ከማንሣት በፊት ግን ከሁሉ የሚቀድመው ሽፍታው ሶሪያሲስ መሆኑን ማወቅ ነው። ጭርትም ክብ ነው፣ ጭርትም ይቀረፋል። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይቆማል፣ መልኩ ይደበዝዛል፣ ሰውየው ተሻለኝ ይላል። ፈንገሱ ግን የሚዋጋው ስለጠፋ በሰላም ይስፋፋል። በዚያ ላይ ላስቲክ ሲጨመር? ሙቀትና እርጥበት ለፈንገስ ምን እንደሆነ መናገር አያሻም። መግል ያለው፣ ውሃ የሚያዥ፣ የሚሸት፣ ትኩስ የሆነ ቦታም አይታሸግም።

አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። «ቅባቱ አሰለቸኝ፣ መርፌ ወይም ክኒን ይሰጠኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የስቴሮይድ ክኒንና መርፌ ሶሪያሲስን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። ሲቆም ግን ከቀድሞው ብሶ፣ አንዳንዴም ገላን ሁሉ አቅልቶ ወይም መግል አቋጥሮ ሊመለስ ይችላል። ያ ሆስፒታል የሚያስተኛ ነው። ሽፍታው ከገላው አንድ አሥረኛውን ካለፈ፣ ጥፍር ከተነካ፣ ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያ የሚያስር ከሆነ ነገሩ ከቅባትና ከላስቲክ በላይ ሆኗል። የብርሃን ሕክምና አለ፣ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ፣ በሽታ የመከላከል ሥርዓቱን ነጥለው የሚያስታግሱ አዳዲስ መርፌዎች አሉ። የመገጣጠሚያው ሕመም በተለይ ካልታከመ አጥንት ያበላሻል።

በቅባቶቹም በኩል ምርጫው ሰፍቷል። ከቫይታሚን ዲ የተሠራው ካልሲፖትሪዮል ከቤታሜታዞን ጋር በአንድ ቲዩብ መጥቷል፤ አንዱ ቶሎ ያበርዳል፣ ሌላው ስቴሮይዱ ሲቆም ይቀጥላል። ማስጠንቀቂያው ካልሲፖትሪዮልን ሳሊሲሊክ አሲድ እንደሚያከሽፈው ነው፤ በአንድ ላይ አይቀቡም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ታፒናሮፍና ሮፍሉሚላስት የተባሉ ስቴሮይድ ያልሆኑ ሁለት ክሬሞች በአሜሪካ ለሶሪያሲስ ተፈቅደዋል። እጥፋት ላይ ለሚወጣ ሽፍታ ተስፋ ናቸው። ስቴሮይድን ግን አላባረሩትም። በፍጥነቱ የሚስተካከለው ገና የለም።

ማቆሙም እንደ መቀባቱ ሥርዓት አለው። ለሳምንታት በየቀኑ የተቀባ ጠንካራ ቅባት በአንድ ቀን ከተወረወረ ሽፍታው ተቆጥቶ ሊመለስ ይችላል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ ሲቆም ስለሚመጣው የቆዳ ማቃጠልና መቅላት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መርዝ ነው የሚሉት ሰዎች ፎቶ ከየትም አልመጣም ማለት ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ቀስ ብሎ መውረድን ነው። መጀመሪያ ላስቲኩ ይቀራል። ቀጥሎ በየቀኑ የነበረው ቀን እየዘለለ ይሆናል። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ብቻ። በመሀል ባሉት ቀናት ቫዝሊን ወይም ሌላ ማለስለሻ። ብዙ ሰው ሽፍታውን ለወራት የሚያቆየው በዚህ የሁለት ቀን አቀባብ ነው።

መቼ ነው መውረድ የሚጀመረው? እዚህ ላይ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች የምንሞኝበት አንድ ነገር አለ። ሽፍታው ሲድን ቦታው ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይቀራል። ለወራት ሊቆይ ይችላል። መስታወት ፊት ቆሞ ያንን ምልክት ያየ ሰው «ገና አልዳነም» ብሎ መቀባቱን ይቀጥላል። ያ ግን ሶሪያሲስ አይደለም፤ የቀለም ጠባሳ ነው። ስቴሮይድ አያጠፋውም። እንዲያውም ራሱ ስቴሮይዱ ቆዳ ያነጣልና ነገሩን ያወሳስበዋል። አንድ የቆዳ ሐኪም ያሳየችኝ ዘዴ ይኼ ነው። ክርኔን ያዝ አድርጋ ዓይንህን ጨፍን አለችኝ። ከዚያ በሌላኛው እጄ ጣት ከጤነኛው ቆዳ ተነሥቼ ሽፍታው ወደነበረበት እንድሄድ አደረገች። ጣቴ የት ላይ እንደ ጀመረ፣ የት ላይ እንዳበቃ ማወቅ አቃተው። ዓይኔን ስገልጥ ቦታው ጥቁር ነው። «አየህ፣ በጣትህ ካላገኘኸው ላስቲኩን ወደ ኩሽና መልሰው» አለችኝ።